ዋይልድካት ጥይት ምንድን ነው? ናሱስ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ዋይልድካት እኮ ቤት ውስጥ የተሠራ ኃይለኛ ጥይት ነው። የትልቁን ቀለሃ አፍ ጨመቅ አድርገህ ትንሽ አረር ትሰካበታለህ፣ አለቀ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የተሰለፈው ሁሉ «ትክክል» ይለዋል። እኔ አሜሪካ ነው የምኖረው፤ በሥራ ቀን ቶርኖ ላይ፣ ቅዳሜ ደግሞ ተኩስ ሜዳ ነኝ። ይቺን «አለቀ» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት!

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቃሉ የዱር ድመት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳሚ፣ አውሮፓ ውስጥ ሲአይፒ የሚባሉ ተቋማት የእያንዳንዱን ጥይት ልክና የሚፈቀደውን ከፍተኛ ግፊት መዝግበው ይይዛሉ። እዚያ መዝገብ ላይ የሌለ፣ ፋብሪካም አምርቶ የማይሸጠው ጥይት ዋይልድካት ይባላል። ኃይል መስፈርት ውስጥ የለም። ጥይትን ቤት ውስጥ ባሩድና አረር መሙላትም መስፈርት አይደለም፤ መደበኛ ጥይት ቤቱ የሚሞላ አሜሪካዊ ሞልቷል፣ ማንም ዋይልድካት ብሎ አይጠራለትም።

የዱር ድመት ደግሞ ቤት ይለምዳል። ነጥብ 22-250 የሚባለው ጥይት ከነጥብ 250 ሳቬጅ ቀለሃ ጠቦ የተሠራ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የአማተሮች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሬሚንግተን ስሙን ሰጥቶ በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ዛሬ እሱን ዋይልድካት ማለት ከ60 ዓመት ትዳር በኋላ «እጮኛዬ» እንደማለት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ጨመቅ»።

አንድ ልብስ ሰፊ የአባትን ሱሪ ለልጅ ሲያጠብ አስቡ። ጨርቁ አይጠፋም። መቀስ ካላነሳ በስተቀር ትርፉ ታጥፎ ውስጥ ይገባል፤ ስፌቱ ጋ በጣት ሲነካ ይወፍራል። ቀለሃው፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው ቅርፊት፣ የተሠራበት ናስም እንደዚያው ነው። ነጥብ 221 ፋየርቦል የሚባለውን ጥይት ቀለሃ ወስዳችሁ ወደ 17 ካሊበር (የአረሩ ስፋት በኢንች መቶኛ ሲቆጠር) ስታጠቡ፣ አንገቱ 5.69 ሚሊሜትር አረር ይይዝ የነበረው 4.37 ሚሊሜትር ሊይዝ ነው። ዙሪያው ሩብ ያህል ቀነሰ። የዚያ ሩብ ናስ የት ሄደ? ከፊሉ ወደ ግድግዳው ውፍረት፣ ከፊሉ ወደ አንገቱ ርዝመት። (እዚህ ጋ ምሳሌዬ ትቀደዳለች፤ ሱሪ ስለጠበበ አይረዝምም።)

«ታዲያ ቢወፍር ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። ጠመንጃው ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ በልክ የተፈለፈለ ነው። ሲተኮስ አንገቱ ትንሽ ሰፋ ብሎ አረሩን መልቀቅ አለበት። ወፍራም አንገት ግን የሚሰፋበት ቦታ አያገኝም፤ አረሩን አንቆ ይይዛል፣ ግፊቱም ያሻቅባል። ስለዚህ የአንገቱ ውጭ ዙሪያውን ይላጫል፣ ርዝመቱም ይቆረጣል። የሚላጨው ደግሞ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ይኼ ዓይን የሚፈርድበት ነገር አይደለም፣ ማይክሮሜትር ነው የሚፈርደው። ሞቅ ያለ ማይክሮሜትር ውሸታም እንደሆነም ልጨምር። ከኪስ አውጥታችሁ ወዲያው አትለኩ። አልተጠየቅኩም፣ ግን የሙያ ነገር ነው።

አንዴ አንዱን ቀለሃ ከላይ እስከ ታች ቶርኖ ቤት ሰንጥቄው ነበር። አንገቱ ከትከሻው (ሰፊው ገላ ወደ አንገቱ ከሚጠብበት ክፍል) በሚገናኝበት፣ በውስጥ በኩል፣ ቀለበት የመሰለ እብጠት አለ። ከውጭ ምንም አይታይም። ድሮ ትከሻ የነበረው ወፍራም ናስ አሁን አንገት ሆኗል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አሜሪካኖቹ ዶናት ይሉታል። ያንን ስንጥቅ ቀለሃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ «ጨመቅ» የሚል እንግዳ ሲመጣ ዝም ብዬ እጁ ላይ አኖርለታለሁ።

በአንድ ጊዜም አይጠብም። ከ22 ወደ 17 ለመውረድ ብዙዎች መሃል ላይ 20ን ይረግጣሉ፤ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ዳይ (ቀለሃው ተገፍቶ ገብቶ የሚጠብበት የብረት ቅርጽ ማውጫ) አለው። ችኩል ሰው ትከሻው እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ይታጠፍበታል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን የተገላቢጦሹን አጠፋሁ። ዳዩ ውስጥ እንዳይነክስ ብዬ ቅባት አበዛሁና ስድስት ቀለሃ ትከሻቸው ላይ ጎድጎድ ብለው ወጡ። የታመቀ ቅባት መሄጃ ሲያጣ ናሱን ይጨፈልቃል።

ናስ ደግሞ ቂመኛ ነው። 70 ከመቶ መዳብ፣ 30 ከመቶ ዚንክ ነው፤ በታጠፈና በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንገቱንና ትከሻውን ብቻ አሙቆ ማለስለስ ነው። ብቻ! ቂጡ ግፊቱን የሚሸከም ስለሆነ ጠንካራ መሆን አለበት። ቂጡ የለሰለሰ ቀለሃ አይመለስም፣ ይጣላል። «ውኃ ውስጥ ነክሬ አጠነክረዋለሁ» የሚል ካለ ከብረት ጋር ተምታቶበት ነው። ናስን ውኃ ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠነክረውም።

ይህ ማጥበብ የአማተር ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ 11 ሚሊሜትር ነበር፤ አድዋ ላይም በብዛት ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሲያገኙ ለአዲሱ፣ ለ1886ቱ ለቤል ጠመንጃ 8 ሚሊሜትር ጥይት በጥድፊያ አስፈለጋቸው። ምን አደረጉ? የውጅግራውን ቀለሃ አጠበቡ። ለዚህ ነው የለቤል ጥይት ቂጡ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን የሆነው። ያኔ 8 ሚሊሜትር «ትንሽ ካሊበር» ይባል ነበር። ጦር ሠራዊት የተቀበለው ስለሆነ ግን ዋይልድካት አይደለም። ይኼንንም የሚያምታቱ አሉ።

አሁን ያ አስተያየት ሰጪ ጨርሶ የዘለለው ነገር። ዋይልድካት ቀለሃ ብቻ አይደለም፣ ጥንድ ነው። የጠበበውን ቀለሃ የሚቀበል፣ በልኩ የተፈለፈለ ጠመንጃ ከሌለ በእጃችሁ ያለው የተበላሸ ቀለሃ ነው። ፈልፋዩ መሣሪያ ለብቻው ይታዘዛል፣ ሥራውም የባለሙያ ነው። በአሜሪካ ለራስ መጠቀሚያ ይህን ማድረግ በአብዛኛው ይፈቀዳል። ኢትዮጵያ ግን የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው።

ወደ ልብስ ሰፊው ልመለስ። ሱሪው ቢጠብም ወገቡ ላይ የተሰፋው ምልክት «ኤክስ ኤል» እንዳለ ይቀራል። የቀለሃውም ቂጥ ላይ የተመታው ጽሑፍ አይቀየርም። 20 ካሊበር ይሁን 17፣ ቂጡ የወላጁን ስም ነው የሚናገረው። ሱሪ ቢሳሳቱ ያስቃል። ጠመንጃ ላይ ግን ከነጥብ 223 ቀለሃ ተቆርጦ የተሠራ፣ ሰፋ ያለ አረር የያዘ ነጥብ 300 ብላክአውት የሚባል ጥይት በነጥብ 223 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ቢተኮስ ጠመንጃውን ይበታትነዋል፤ የሆነ ነገር ነው። ያ ጥይት እንኳ የተመዘገበ ነው፤ ዋይልድካቱ ላይ ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ሳጥኑ ላይ በወፍራም ቀይ ማርከር እጽፋለሁ፣ ቂጡንም ቀይ አስነካዋለሁ። ባለቤቴ አንዴ አይታ «ጥፍር ቀለሜን ማን ነካው?» አለች። ማርከሩ አልቆብኝ ነበር።