ኢንሄሪትድ ኮንትሮል ምንድን ነው? ዲዛይነሩ ላይስ ለምን ይቆለፋል?

ዊንዶውስ ፎርምስ (የዊንዶውስ ፕሮግራም መስኮቶች የሚሰሩበት የዶትኔት መሳሪያ) ላይ አንድ ፎርም፣ ማለትም አንድ መስኮት፣ ከሌላ ፎርም መውረስ ይችላል። ቤዝ ፎርም ሰርታችሁ ሎጎ፣ ሴቭ በተንና ካንስል በተን አስቀምጣችሁበት የደንበኛ መመዝገቢያውም የእቃ መመዝገቢያውም ከሱ እንዲወርሱ ብታደርጉ በተኖቹ እዛም ተሰርተው ይመጣሉ፣ ኢንሄሪትድ ኮንትሮል የሚባሉት እነሱ ናቸው። (ቤዙን ስትቀይሩ ቢልድ ማድረግ አትርሱ፣ ዲዛይነሩ፣ ማለትም ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ፎርሙን በማውስ የምንሰራበት መስኮት፣ የሚያሳየው ኮምፓይል የሆነውን ነው።)

ታዲያ ብዙ ሰው ግራ የሚገባው ልጁ ፎርም (ከቤዙ የወረሰው) ላይ ሴቭ በተኑን ክሊክ አድርጎ ቦታውን ላንቀሳቅስ ሲል እምቢ ሲለው ነው፤ ጥጉ ላይ የቁልፍ ምልክት አለ፣ ፕሮፐርቲዎቹም ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ተበላሽቶ አይደለም። በሲ ሻርፕ ዲዛይነሩ እያንዳንዱን ኮንትሮል ፕራይቬት ፊልድ አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ ፕራይቬት የሆነን ነገር ደግሞ ልጅ ክላስ በኮድም መንካት አይችልም፣ ስለዚህ ዲዛይነሩም አያስነካም። ቪቢ (ቪዥዋል ቤዚክ) ላይ ዲፎልቱ ፍሬንድ ስለሆነ እዛው ፕሮጀክት ውስጥ ይከፈታል፣ ቤዙ ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ሲሆን ግን ይቆለፋል።

መክፈቻው ቀላል ነው፣ ቤዝ ፎርሙ ላይ በተኑን መርጣችሁ ሞዲፋየርስ የሚለውን ፕሮፐርቲ ፕሮቴክትድ (ልጅ ክላስም ሊነካው የሚችል) ታደርጉትና ቢልድ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ።

ግን እባካችሁ ሁሉንም አትክፈቱ! ልጁ ላይ አንድ ፕሮፐርቲ በቀየራችሁ ቁጥር ዲዛይነሩ አዲሱን ዋጋ የልጁ ኢኒሻላይዝኮምፖነንት (ፎርሙ ሲከፈት ኮንትሮሎቹን የሚያዘጋጀው ሜተድ) ውስጥ ይጽፈዋል፣ ያ መስመር የሚሮጠው ከቤዙ በኋላ ስለሆነ ሁሌም የሚያሸንፈው እሱ ነው። የበተኑን ቦታ ልጁ ላይ ትንሽ ገፋ ካደረጋችሁት፣ ነገ ቤዙ ላይ በተኑን ወደ ግራ ብትወስዱት ሌሎቹ ፎርሞች ሲከተሉ ያኛው ብቻ እዛው ይቀራል። ወደ ቤዙ ዋጋ ለመመለስ ፕሮፐርቲው ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሪሴት በሉት። እኔ የምመክረው በተኑን ፕራይቬት ትታችሁ ለመቀየር የምትፈልጉትን ጽሁፍ ብቻ ቤዙ ላይ በፕሮፐርቲ ማውጣት ነው፣ ልጁ ፎርም ፕሮፐርቲ መስኮት ላይ ራሱ ይመጣል።

ኢቨንት (እንደ ክሊክ ያለ ክስተት) ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የተከፈተውን ሴቭ በተን ልጁ ላይ ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ኮድ ብትጽፉ የቤዙን አይተካውም፣ መጀመሪያ የቤዙ ቀጥሎ የናንተው፣ ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ሁለቱም ዳታቤዝ ላይ የሚጽፉ ከሆነ አንድ ደንበኛ ሁለቴ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። እንዲተካ ከፈለጋችሁ ቤዙ ላይ ፕሮቴክትድ ቨርቹዋል ሜተድ አድርጉና ልጁ ኦቨርራይድ ያድርገው።

የወረሳችሁትን ኮንትሮል ዲሊት ማድረግ አይቻልም፣ ማድረግ የሚቻለው ቪዚብሉን ፎልስ ማድረግ ነው። ዳታግሪድቪው እና ቴብልሌይአውትፓነል ደግሞ ፕሮቴክትድ ብታደርጓቸውም ዲዛይነሩ ላይ እንደተቆለፉ ነው የሚቀሩት፣ በኮድ ታዟቸዋላችሁ ወይ ደግሞ ቤዙ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ልጁ ፎርም ላይ ታስቀምጧቸዋላችሁ።