አርት ማኔጅመንት ልማር? የሚወራውና እውነታው

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያ ሰሞን ሲደርስ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ልጁ ጥበብ ይወዳል። ቤተሰቡ «እሱን ተምረህ ምን ልትበላ?» ይላል። እሱም መሃል ላይ የሚያስታርቅ ነገር ፈልጎ «አርት ማኔጅመንት የሚባል ትምህርት አለ አሉ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የጥበብ ሥራዎችንና ተቋማትን ስለ ማስተዳደር የሚያስተምር ትምህርት ማለት ነው። ችግሩ መልስ ለመስጠት የሚቀድመው ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርቱ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። እስቲ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«አርቲስት መሆን ያቃተው ነው የሚማረው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አምሃ እሸቴን አስታውሱ። ዘፋኝ አልነበረም፤ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነጋዴ ነበር። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በየምሽት ክበቡ ሰው የሚያስጨፍሩት አዳዲስ ልጆች ግን የሚያሳትማቸው አልነበረም። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1969 «የመጣው ይምጣ» ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ መጀመሪያ ህንድ ነው ያሳተመው፣ በኋላ ሊባኖስ። ከዚያ ማህሙድ አህመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄ እያለ ቀጠለ። ደርግ ሲመጣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ እዚያም ሆኖ አላረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድን ወስዶ አሜሪካ ላይ አዙሯል።

ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ሙዚቃ ትልቅ ክፍሉ በእጃችን ያለው አንድም መሣሪያ ሳይጫወት ገንዘቡን ባወጣ፣ ውሉን በተዋዋለና ሸክላውን ከባሕር ማዶ አሳትሞ ባስገባ ሰው ምክንያት ነው። ያቃተው ሰው ይሄን አይሠራም።

«የዘፋኝ ማኔጀር መሆን ነው»

ስልክ የሚያነሳ፣ የኮንሰርት ዋጋ የሚደራደር፣ መነጽር አድርጎ ከዘፋኙ ኋላ የሚሄድ። አዎ፣ እሱም አንድ ዘርፍ ነው፣ ሲሠሩትም ከባድ ነው። ትምህርቱ ግን ቴአትር ቤትን፣ ሙዚየምን፣ ጋለሪን፣ ፌስቲቫልን፣ የባህል ማዕከልንና የቅጂ መብት ማኅበርን ሁሉ ይመለከታል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ውሰዱ። ተመልካች የሚያየው የተሰቀለውን ፎቶ ነው። ከዚያ በፊት ሥራዎቹን መምረጥ አለ፣ ከፎቶ አንሺዎቹ ጋር ውል አለ፣ ቪዛ አለ፣ ሕትመት አለ፣ አዳራሽ አለ። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየምም የሠዓሊው የኤልያስ ስሜ ብቻ አይደለም፤ ኩሬተሯ (የኤግዚቢሽን ሥራዎችን መርጣ የምታዘጋጀው) መስከረም አሰግድ አብራው መሥርታዋለች።

«ጥሩ ሥራ ራሱን ይሸጣል»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ይሄን የሚሉት አርቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ በዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ይጠቀሳል። ነገሩ ቀላል ነው። ጫማ ፋብሪካ ማሽን ሲያስገባ አንድ ሠራተኛ በቀን የሚሠራው ጫማ ይበዛል፤ ደመወዙ ቢጨምርም የጫማው ዋጋ ያን ያህል አይንርም። ከ200 ዓመት በፊት ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የተጻፈ ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልጋል። በሦስት ሰው አጫውተህ ወይ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገህ ትርፋማ አትሆንም። የሙዚቀኛው ኑሮ ግን ከሌላው ሰው ጋር አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ የመድረክ ሥራ ወጪ ከትኬት ገቢው እየቀደመ ይሄዳል፣ አዳራሹ ሞልቶም እንኳ።

ወደ እኛ አምጡት። አሥራ ሁለት ተዋናይ ያለው ቴአትር ዛሬም አሥራ ሁለት ተዋናይ ይፈልጋል፣ ወራት የሚፈጅ ልምምድ ይፈልጋል። ጤፍ ሲጨምር ተዋናዩም ይበላል። ትኬቱን ግን እንደ ጤፉ ልጨምር ብትሉ ወንበሩ ባዶ ይቀራል።

ታዲያ ጉድለቱን ማን ይሙላው? ብሔራዊ ቴአትር የመንግሥት በጀት አለው። የግሉ አዘጋጅ ስፖንሰር ይፈልጋል፣ ወይም እንደ ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያሉትን የባህል ተቋማት ያንኳኳል። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ የቢራ ገንዘብ ለለመደ አዘጋጅ ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። ገቢህን ከአንድ ቦታ ብቻ አትጠብቅ የሚለውን ትምህርት ክፍል ውስጥ ሲሰሙት ይሰለቻል፣ እንዲህ ሲመጣ ነው የሚገባው።

«ሒሳብ የለበትም፣ ቀላል ነው»

ሒሳብ ሸሽታችሁ ከሆነ የምትመጡት፣ ባትመጡ ይሻላል። በጀት አለ፣ አካውንቲንግ አለ፣ ግብር አለ። እንበል 300 ወንበር ያለው አዳራሽ፣ ትኬቱ 200 ብር። ሞልቶ ቢታይ 60 ሺህ ብር ነው። ግን ሁልጊዜ አይሞላም፤ በአማካይ 60 በመቶ ከሞላ 36 ሺህ ይሆናል። ከዚህ ላይ አዳራሽ፣ ተዋናይ፣ መብራት፣ ማስታወቂያ፣ ግብር ይነሳል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው በጀቱን በ60 ሺሁ ላይ ሠርቶ ስለሚጀምር ነው።

ሕግም አለ። ለምሳሌ «ደራሲው ስለሞተ ዘፈኑን እንደፈለግን መጫወት እንችላለን» የሚል ሰው ሞልቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው ሌላ ነው፤ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፣ ወራሾቹ ይጠይቃሉ። የተጫዋቹና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁ መብት ደግሞ ለብቻው አለ። አንድ ዘፈን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ድምፅና ቅጂ የተለያዩ ባለመብቶች ሊኖሯቸው ይችላል። ይሄን የማያውቅ አዘጋጅ ከኮንሰርቱ ማግሥት ጠበቃ ይፈልጋል።

«ምን እንደሚታይ የምትመርጠው አንተ ነህ»

በመጀመሪያው ዓመት? ወንበር ትቆጥራለህ። ኢሜይል ትመልሳለህ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ታያለህ።

«ዲግሪው ካለህ ሥራ አለህ፣ ከሌለህ የለህም»

ሁለቱም ውሸት ነው። መላኩ በላይ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት እየጨፈረ ነው የጀመረው። በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ ጋለሪ፣ ኮንሰርትና ግጥም የሚስተናገድበት የባህል ማዕከል አደረገው። ማንም ዲግሪ አልጠየቀውም። ዲግሪው የሚሰጣችሁ ሌሎች በዓመታት ኪሳራ የተማሩትን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ እሱም ተግባር ላይ የምታውሉበት ቦታ ካገኛችሁ። ቀጣሪው ቤት ደግሞ ብዙ አይደለም፣ ይሄን ለልጆቻችን መደበቅ የለብንም። ተመራቂው ብዙ ጊዜ ሥራውን ራሱ ይፈጥራል፣ ወይም ከሌላ ሥራ ጋር ያስኬደዋል።

«ውጭ ካልሄዱ አይሆንም»

በዚህ ስም የሚሰጡት ፕሮግራሞች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው መልክ የያዙት፣ ዬል ከቀደሙት አንዱ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ደግሞ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲና ጆርጅ ሜሰን ቅርባችሁ ናቸው። አብዛኞቹ የማስተርስ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ቴአትርም ታሪክም አካውንቲንግም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እዚያ የሚማሩት ትልቁ ክፍል ከግለሰቦች መዋጮ ስለ ማሰባሰብ፣ ስለ ቦርድና ከግብር ነፃ ስለሆኑ ድርጅቶች ነው። አዲስ አበባ ተመልሶ ለመሥራት ያሰበ ሰው ግማሹን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ክፍያው ደግሞ የዋዛ አይደለም።

አዲስ አበባ ያለ ልጅ በቴአትር ጥበባት፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ አካውንቲንግና ማርኬቲንግ ጎን ለጎን ቢማር ሩቅ ይሄዳል። ማኔጅመንት የሚማረውም በተቃራኒው ቅዳሜና እሁድ ቴአትር ቤት ደጃፍ አይጥፋ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚዘጋጀው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ወደ ከተማችሁ ሲመጣ ለኳሱና ለኮንሰርቱ ብቻ አትሂዱ። በጎ ፈቃደኛ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። መድረክ፣ ትኬት፣ ጥበቃ፣ የንግድ ድንኳን፣ የባንድ ሰዓት፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ሳምንቱ ሲያልቅም አሁንም ደስ ካላችሁ ማመልከቻውን ሙሉ።