የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት፦ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከ10 ጨቅላ ሕፃናት 6 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳቸውና ዓይናቸው ቢጫ ይላል። ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 8 ያህሉ። አብዛኛው ያለ ሕክምና ይጠፋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ «ሁሉም ልጅ ይይዘዋል» እየተባለ አደገኛውም አብሮ ይታለፋል።

ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይፈጠራል። ይህን አጣርቶ የሚያስወጣው ጉበት ነው። የአራስ ልጅ ጉበት ገና ስላልጠነከረ ሥራው ይዘገይበታል። ስለዚህ ቢጫነቱ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይታያል፣ እስከ 5ኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ እየለቀቀ ይሄዳል።

በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫነት ግን «ነገ እናየዋለን» ተብሎ አይታደርም። የልጁ ደም በፍጥነት እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ሾተላይ አንዱ ምክንያት ነው። የእናት ደም ኦ፣ የልጁ ኤ ወይም ቢ ሲሆንም ያጋጥማል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም እጥረትና ኢንፌክሽንም አሉ።

የሚያስፈራው አንጎል ነው። ቢሊሩቢን ከልክ ሲያልፍ ወደ አንጎል ገብቶ መስማትንና እንቅስቃሴን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ልጁ ለጡት አልነቃ ካለ፣ መጥባት ከተወ፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም ወደ ኋላ ከተለመጠ፣ ለቅሶው ቀጭንና ስለታም ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ካተኮሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

መጠኑን በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ቆዳው ጠቆር ያለ ልጅ ላይማ ይብሳል። የዓይኑን ነጭና ድዱን ማየት ይረዳል፣ ቁርጡን የሚነግረን ግን ምርመራ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን የሚያነበው ከልጁ ዕድሜ ጋር ነው፤ ያውም በሰዓት ተቆጥሮ። በስንት ሳምንቱ እንደተወለደም ያያል። ከፍ ካለ ልጁ ዓይኑ ተሸፍኖ ሰማያዊ መብራት ሥር ይተኛል። ብርሃኑ ቢሊሩቢንን በቀላሉ ወደሚወጣ ዓይነት ይለውጠዋል። መጥባቱ አይቋረጥም። በጣም ከፍ ካለ ወይም መብራቱ ካላወረደው ደሙ ይቀየራል፤ ይህ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ነው። ፀሐይ ማሞቅ ይህን ሕክምና አይተካም።

ከ2 ሳምንት ያለፈ ቢጫነትም ምርመራ ይፈልጋል፤ ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ 3 ሳምንት። ጡት በሚጠቡ ልጆች ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ይቆያል። ካካው ነጣ፣ ሽንቱ ጠቆር ካለ ግን የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ነውና፣ ምርመራው እስከ ክትባት ቀጠሮ መቆየት የለበትም።