የሐድሪያንን ግንብ የጠበቁት ሌጌዎኖች ነበሩን?

የሮም ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በብሪታንያ ስላሠራው የጠረፍ ግንብ በተነሣ ቁጥር «የገነቡት ሌጌዎኖች ስለሆኑ የጠበቁትም እነርሱ ናቸው» የሚል ድምዳሜ ይደጋገማል። ሌጌዎን፣ ስሙን ከወንጌል የምናውቀው፣ የሮም ዜጎች የሚያገለግሉበትና ወደ 5,000 ሰው የሚይዝ ክፍለ ጦር ነው። ረዳት ጦር የሚባለው ግን በአብዛኛው ዜግነት ከሌላቸው የግዛቱ ሕዝቦች የሚመለመል፣ 500 ወይም 1,000 ገደማ ሰው ባላቸው ክፍሎች የተደራጀ ነበር።

በሰሜን እንግሊዝ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋውን ግንብ እ.ኤ.አ. ከ122 ዓ.ም. ጀምሮ በዋናነት የገነቡት ሦስት ሌጌዎኖች ሲሆኑ፣ በምሽጎቹ ሰፍረው ጠረፉን የጠበቁት ረዳቶቹ ናቸው። ለምሳሌ በዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ ይኖር ከነበረው የቱንግሪ ሕዝብ የተመለመለ አንድ ወታደር 25 ዓመት አገልግሎ በክብር ሲሰናበት ዜግነት ያገኝ ነበር፤ ሌጌዎነኛው ግን ዜግነቱን ይዞ ነው የሚገባው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ያ ሰው ዕድሜውን በባዕድ ብርድ ያሳለፈው ሌላው ሲገባ ይዞት ለመጣው መብት ነበር።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። በየምሽጉ የሰፈረው ክፍል ግን በየዘመኑ ይለዋወጥ ነበር፤ ምልመላውም እያደር ከአካባቢው ሰው ስለሆነ የክፍሉ ስም የወታደሩን የትውልድ አገር ሁልጊዜ አያመለክትም።