የእንግሊዝኛ ኢ-መደበኛ ግሶች

በእንግሊዝኛ አብዛኛው ግስ ኃላፊ ጊዜን የሚያሳየው መጨረሻው ላይ «ኢዲ» ጨምሮ ነው፤ ወርክ ወርክድ ይሆናል። ከዚህ ሥርዓት የወጡት ኢሬጉላር ቨርብ የሚባሉት ሲሆኑ፣ በዕለታዊ አገልግሎት ላይ ያሉት ወደ 200 ገደማ ናቸው። ጥቂት ቢሆኑም በብዛት የሚነገሩት ቢ፣ ሃቭ፣ ዱ፣ ጎ፣ ሴይ፣ ጌት፣ ሜክ እና ቴክ ሁሉ ከእነሱ ወገን ናቸው። ምክንያት አለው፦ ከአፍ የማይጠፋ ግስ ጥንታዊ መልኩን ይዞ ይቆያል፣ አልፎ አልፎ የሚነሳው ግን ይዘነጋና «ኢዲ» ይለጠፍበታል። የሄልፕ ኃላፊ ድሮ ሆልፕ ነበር፣ ዛሬ ሄልፕድ ነው።

ብዙዎቹ የጥንታዊው እንግሊዝኛ 7 የግስ ምድቦች ቅሪት ናቸው። እነዚያ ግሶች ጊዜን የሚለዩት ውስጣቸው ያለውን አናባቢ በመለወጥ ነበር፦ ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ። «ሰበረ፣ ይሰብራል» ለሚል ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ዌንት ደግሞ «መጓዝ» የሚል ትርጉም ካለው ዌንድ ከተባለ ሌላ ግስ ተወስዶ ለጎ የተሰጠ ነው። እኛም «መጣ» እያልን ስንጠራ «ና» እንላለን።

በፊደል ተራ የተደረደረውን ሠንጠረዥ መሸምደድ ብዙ አያዋጣም፤ በድምፅ መመደብ ይሻላል። የካት፣ ፑት፣ ሂት፣ ሸት ሦስቱም ቅርጾች (የአሁኑ፣ የኃላፊው እና ከሃቭ በኋላ የሚገባው) አንድ ናቸው፤ እንዲህ የማይለወጡት ሁሉ በቲ ወይም በዲ ድምፅ ያበቃሉ። ስለዚህ «ሂ ካትስ» የአሁን፣ «ሂ ካት» ያለፈ ነው፤ የሚለያቸው ኤስ ብቻ ነው። ኪፕ፣ ስሊፕ፣ ዊፕ አናባቢያቸውን አሳጥረው ቲ ይጨምራሉ፦ ኬፕት፣ ስሌፕት፣ ዌፕት። ብሪንግ፣ ባይ፣ ካች፣ ቲች ደግሞ ብሮት፣ ቦት፣ ኮት፣ ቶት ይሆናሉ። ሪድ ሲጻፍ አይለወጥም፣ ሲነበብ ግን ሬድ ነው።

ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው «ዲድ ኖት ዌንት» እያለ ነው። ዲድ ኃላፊ ጊዜውን ስለያዘ የሚከተለው ግስ ወደ ጎ ይመለሳል። ከሃቭ በኋላ ደግሞ ሦስተኛው ቅርጽ ይገባል፦ «ሃቭ ጎን» እንጂ «ሃቭ ዌንት» አይባልም። ከሁሉ የሚያስቸግሩት ግን ላይ እና ሌይ ናቸው። ላይ «መጋደም» ሲሆን ኃላፊው ሌይ ነው፤ ሌይ ራሱን ችሎ ሲቆም «ማስቀመጥ» ነው፣ ኃላፊው ሌይድ። እነዚህን አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱትም ያምታቷቸዋል።