ስለ እንጉዳይ ቤት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ወሎ ላይ ለሚጀምሩ

እንጉዳይ ለማምረት ካሰቡ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጋር ስናወራ መጀመሪያ የሚነሳው «ስንት ሜትር እንቆፍር?» የሚለው ነው። ቀጥሎ «ግሪን ሃውሱ ስንት ያወጣል?» ይመጣል። ሁለቱም ጥያቄዎች ገና ዘር ሳይገዛ ገንዘብና ጉልበት ያስጨርሳሉ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ግምቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«እንጉዳይ የሚሆነው ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ነው»

ወሬው መነሻ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ፓሪስ ሥር ባሉ የተተዉ የድንጋይ ካባዎች ውስጥ ነጩን እንጉዳይ በብዛት ያመርቱ ነበር። እነሱ ዘንድ አንዱ ወቅት በረዶ፣ ሌላው ሙቀት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ የማይለዋወጥ ቦታ የሚገኘው ከመሬት በታች ጠለቅ ብሎ ነው።

የእኛ ደጋ ችግር ሌላ ነው። ደሴ ላይ ከወር ወር ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው። የሚያስቸግረው የአንድ ቀን ልዩነት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ቀትር ላይ ኮት ያስወልቃል። ይህ የቀንና የሌሊት መለዋወጥ ደግሞ አፈር ውስጥ ብዙ ዘልቆ አይገባም፤ ከግማሽ ሜትር በታች እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ አራት አምስት ሜትር መውረድ ትርፉ ድካም ነው። የኋላ ግድግዳው ተዳፋቱ ውስጥ የገባ፣ የቀሩት ሦስቱ በድንጋይና በጭቃ ወፈር ተደርገው የተሠሩ፣ ጣሪያው ሣር የለበሰ ቤት ያለ አንዳች መብራት ሥራውን ይሠራል። የወሎ ግንበኛ ይህን ለማንም ያስተምራል እንጂ ከማንም አይማርም።

እንዲያውም ጥልቀት ሊጎዳ ይችላል። ነጩ እንጉዳይ ሳይሆን ብዙዎቻችን የምንጀምርበት፣ ጭድ ላይ የሚበቅለው ኦይስተር የሚባለው እንጉዳይ ሲያብብ፣ ማለትም የሚበላው ክፍል ሲወጣ፣ ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ያለውን ቅዝቃዜ ይወዳል። ዘሩ ጭዱን በነጭ ድሩ ሲወርስ ግን 24 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ጥልቅ ጉድጓድ ድሩ ጭዱን ለሚወርስበት ለመጀመሪያው ደረጃ ይበርዳል፤ ጭድና ዘር የተሞሉት ከረጢቶች እስኪነጡ ከላይ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላል። ቆቦና ባቲ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ሙቀት የሚችለውን የኦይስተር ዝርያ መምረጥ ከየትኛውም ቁፋሮ ይበልጣል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የደሴ ዙሪያ ተዳፋት የመሬት መንሸራተት የሚያውቀው ነው፤ እንደ ጃማ ያለው ዋልካ መሬት ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳም ይገፋል። በሁለቱም ቦታ የሚያውቅ ሰው ሳያማክሩ መቆፈር ሕይወት ያስከፍላል። ላሊበላን የፈለፈሉት አባቶች ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር የዝናቡን መውረጃ ቦይም አብረው ፈልፍለዋል። ከቤታችሁ ጀርባ ቦይ ሳይወጣ ሐምሌ እንዳይደርስባችሁ።

«ጨለማ በጨለማ መሆን አለበት»

ለነጩ እንጉዳይ ብርሃን ባይኖርም ግድ የለም። ኦይስተር ግን ብርሃን ይሻል፤ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ብርሃን ካላገኘ ቅርጹ ይበላሻል።

«እኔ ገብቼ መተንፈስ ከቻልኩ አየሩ በቂ ነው»

ከሁሉም በላይ ምርት የሚያበላሸው ይህ ግምት ይመስለኛል። እንጉዳይ እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ውጭ ያለው አየር ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን 0.04 በመቶ ገደማ ነው። ኦይስተር ከ0.1 በመቶ በላይ ሲሆንበት መቸገር ይጀምራል፤ ሰው ግን ያኔ ምንም አይታወቀውም። ምልክቱን የምታዩት እንጉዳዩ ላይ ነው፦ እግሩ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ባርኔጣው የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ውሃ አነሰው» ብሎ ያርከፈክፋል። ያነሰው አየር ነው።

መፍትሔው ማራገቢያ መግዛት አይደለም። ጋዙ ወለሉ አካባቢ ሊታመቅ ስለሚችል አንዱ ቀዳዳ ከታች፣ በሩ ሥር ይሁን። ሌላው ከጣሪያው ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም ቱቦ ይሁን። ቱቦው ጥቁር ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ከቆመ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንጹሑ ከታች ይሳባል። በሁለቱም ላይ የዝንብ መከላከያ ወንፊት አድርጉበት። ቤቱ ተዳፋት ላይ ከሆነ የታችኛው ቀዳዳ በቁልቁለቱ በኩል መውጣቱ የታመቀውን ጋዝ ያፈስሰዋል። ሙሉ በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ግን መውጫ የለውም፤ የእህል ጉድጓድ ተከፍቶ ሳይናፈስ የማይገባበት ምክንያት እዚህም ይሠራል። ጭድ የሞላበት የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ብቻችሁን አትውረዱ።

«ለቲማቲም የሠራሁት ፕላስቲክ ቤት ይበቃል»

ያ ቤት የተሠራው የፀሐይን ሙቀት ለመያዝ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቀትር ሲሆን ውስጡ እንጉዳይን ይቀቅለዋል። አጽሙን ግን መጠቀም ይቻላል፦ ከላይ ወፍራም የሣር ክዳን ወይም ድርብ የጥላ መረብ፣ በነፋሱ በኩል የረጠበ ጆንያ መጋረጃ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ የጆንያው ውሃ ሲተን ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበትም ይሰጣል። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ ውሃ ስለሚይዝ ጆንያው ጥቅም የለውም፤ አንሱት።

«ቤቱ መብራት ካልበላ ኃይል ቆጥቤአለሁ»

ሒሳቡ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ትልቁ የኃይል ወጪ ያለው ዘሩ ከመግባቱ በፊት ተቀናቃኝ ሻጋታን ለመግደል ጭዱን መቀቀል ላይ ነው። 200 ሊትር ውሃ የያዘ በርሜል በሦስት ጉልቻ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ብቻ 20 ኪሎ ገደማ እንጨት ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱን አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት አለ። ኮረብታው በተራቆተበት አገር ይህን እያነደዱ «አነስተኛ ኃይል» ማለት ያሳዝነኛል።

እሳት የማይፈልግ መንገድ አለ፤ ኖራ። ለ200 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ገደማ በደንብ የታሸገ፣ በውሃ የበረደ የኖራ ዱቄት (ሃይድሬትድ ላይም የሚባለውን) በጥብጡ፤ የተከተፈውን የስንዴ ወይም የጤፍ ጭድ ድንጋይ ጭናችሁበት ከ12 እስከ 18 ሰዓት ዘፍዝፉት። ውሃው በጣም አልካላይን ስለሚሆን አብዛኛው ተቀናቃኝ ሻጋታ ይሞታል። ከዚያ ሌሊቱን ጠንፍፉት። በእጅ ጨምቃችሁ ስታዩት ጠብ ጠብ ካለ ደርሷል፤ ከወረደ ገና ነው። ከረጢቱ ተከፍቶ የከረመ ኖራ አየር ስለሚለውጠው አይሠራም። ኖራው እጅና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንት አይለያችሁ። የተረፈውን ውሃም ወደ ወንዝ አትልቀቁት።

«ቶሎ ቶሎ ውሃ ማጠጣት»

መርጠብ ያለበት አየሩ ነው፤ ከ85 እስከ 95 በመቶ። ግድግዳና ወለሉን አርጥቡ። ባርኔጣው ላይ የሚቆም ውሃ በባክቴሪያ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣበታል።

«ዘሩን ክረምት ላይ ከሜዳ ለቅሜ አመጣለሁ»

አይሆንም። ከሜዳ ከሚነሳው የጅብ ጥላ መካከል ገዳይ አለ፤ በመቀቀል መርዙ የማይጠፋም አለ፤ በዓይን ለመለየትም የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል። ለምርት የሚሆነው ዘር ንጹሕ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በተቀቀለ ስንዴ ወይም ማሽላ ላይ የተባዛ ነው። ስትገዙ የተዘጋጀበትን ቀን ጠይቁ፤ ጠርሙሱን ወይም ከረጢቱን ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። ሙሉ በሙሉ ነጭ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ እንኳ አረንጓዴ ካያችሁ ሻጋታ ስለገባበት አትቀበሉት፤ ያ አንድ ከረጢት ቤቱን ሙሉ ይበክላል።