ኤትኖሴንትሪዝም ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበውን የአፍሮባሮሜትርን ጥናት ጠቅሶ፣ ከኢትዮጵያዊነቱ ይልቅ ብሔሩን ያስቀደመውን መላሽ ሁሉ «ኤትኖሴንትሪክ» ሲል ሰማሁ። ይህን ስህተት ስሰማ የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጥናቱ ያቀረበው ጥያቄ የሚለካው መላሹ ዜግነቱንና ብሔሩን ምረጥ ቢባል ወደየትኛው እንደሚያደላ ነው፤ ከአምስቱ አማራጮች አንዱም «ሁለቱም እኩል ናቸው» ይላል። ስለ ጎረቤቱ ብሔር ግን አንዲት ቃል አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በአሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር በዊልያም ግራሃም ሰምነር ሥራ የታወቀው ኤትኖሴንትሪዝም የሚለው ቃል የራስን ቡድን የሁሉ ማዕከል አድርጎ ሌላውን በእርሱ መስፈርት መመዘን ማለት ነው። ስለዚህ የሚለካው በልዩነት ነው። መላሹ ለአንድ ቡድን ያለውን ስሜት ከ0 (በጣም ቀዝቃዛ) እስከ 100 (በጣም ሞቅ ያለ) ነጥብ በሚሰጥበት «የስሜት ቴርሞሜትር» አንዱ ለራሱ ብሔር 95፣ ለሌሎች 90 ቢሰጥ፣ ሌላው ደግሞ ለራሱ 60፣ ለሌሎች 20 ቢሰጥ፣ ኤትኖሴንትሪክ የሚባለው ሁለተኛው ነው። ተንታኛችን ግን 95ቱን አይቶ የመጀመሪያውን ይከሳል።

ቅቤ የሚገዛ ሰው ከነዕቃው አስመዝኖ አይከፍልም። እዚህም ለሌሎች የተሰጠው ነጥብ እንደ ዕቃው ክብደት ይቀነሳል፤ ዕቃው ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንዱ ቀላል ቅል፣ ሌላው ከባድ ድስት ይዞ ይመጣል፤ ለሁሉም ነጥብ የሚያዘንብ ቸር መላሽ አለ፣ ለራሱም የሚሰስት አለ። ምሳሌዬ የሚጎድለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቀንሰን ያገኘነው 40 ራስን ከመውደድ ይምጣ ሌላውን ከመጥላት አለመናገሩ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ የሚል ካለ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማሪሊን ብሩወርና ዶናልድ ካምቤል በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ 30 ብሔረሰቦች ላይ ያደረጉትን ጥናት ይመልከት፤ ለራስ ቡድን ያለው በጎ ግምት ከሌሎች ከመራቅ ጋር ዝምድና አልተገኘበትም። አንድን ቡድን ብቻ ለይቶ መጥላትም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምናልባት የድንበር ወይም የግጦሽ ጠብ ይሆናል።

የጠያቂው ማንነትም መልሱን ያዛባል። አንድ ጊዜ በሙከራ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ አዛውንት ለራሳቸው ብሔር 100 ሰጡና ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ አንተስ የየት አገር ሰው ነህ?» አሉት። መልሱን ሰምተው ለእርሱም ብሔር 100 ሰጡ፤ በቅጹ ላይ ልዩነታቸው ዜሮ ተብሎ ተመዘገበ።